ከፊልም በፊት የሚታየው ምልክት የነጋዴ ማኅተም ነው

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የሚለው የአባቶች አነጋገር ከማንም ይልቅ ለነጋዴ ይስማማል። ዕቃው ይሸጣል፤ መጋዘኑ ይራቈታል፤ ገንዘቡም ከእጅ ወደ እጅ ይዛወራል። ገዢውን ዳግመኛ ወደዚያው በር የሚመልሰው ግን የሻጩ ስምና ስሙን የሚያሳውቀው ምልክት ነው። ይህ ነገር በሱቅና በመጋዘን ለዋለ ሰው እንግዳ ትምህርት አይደለም። ወደ ፊልም ሥራ ሲመጣ ግን ብዙዎች ምልክትን እንደ ጌጥ እንጂ እንደ ሀብት አይቈጥሩትም።

በሲኒማ ቤት መብራት ሲጠፋ፣ ወይም በእጅ ስልክ ላይ ፊልም ሲከፈት፣ ከታሪኩ አስቀድሞ ለጥቂት ሰኮንድ የሚታይ ተንቀሳቃሽ ሥዕል አለ። አንበሳ ያገሣል፤ የምድር ሉል ይዞራል፤ በረዶ የለበሰ ተራራ በከዋክብት ተከቦ ይታያል። ተመልካቹ የተዋናዩን ፊት ገና ሳያይ ዕቃው ከማን ቤት እንደ ወጣ ይነገረዋል። በጆንያ ላይ የሚታተመው ጽሑፍ፣ በሳጥን ላይ የሚመታው ማኅተም፣ በደረሰኝ ላይ የሚያርፈው ፊርማ ለሌላው ነጋዴ የሚሰጠውን አገልግሎት ይህ ሥዕል ለፊልም አዘጋጁ ይሰጠዋል። ስለዚህ በድሬዳዋ ፊልምና ቪዲዮ የሚያዘጋጁ ሰዎች፣ ማስታወቂያ የሚያሠሩ ነጋዴዎችም ጭምር፣ የራሳቸው የሆነ ምልክት ሊኖራቸውና ያንኑም በሕግ ሊያስመዘግቡት ይገባል።

የድሬዳዋ ነጋዴ የምልክትን ዋጋ ለማወቅ እስከ ሆሊዉድ መሄድ አያስፈልገውም። የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ለዚህ በቂ ምስክር ነው። የኦስትሪያይቱ ንግሥት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር (እ.ኤ.አ.) በ1780 ካረፈች በኋላም ብሩ ያንኑ መልክና ያንኑ 1780 የሚል ቍጥር ይዞ ይመታ ነበር። ምክንያቱም ገበያው የለመደውን ምልክት ካላየ አይቀበልም ነበርና ነው። ተቀባዩ በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች ሳይቈጥርና መልኩን አገላብጦ ሳይመረምር ብሩን በኪሱ አያስገባም ነበር። ዐጤ ምኒልክ በ1880ዎቹ ዓ.ም. በራሳቸው መልክና በአንበሳ ምልክት ብር ባስመቱ ጊዜ እንኳ ጠገራው ከገበያ ወዲያው አልወጣም። ብሩ ብር መሆኑ አንድ ነገር ነው፤ ሕዝብ ምልክቱን አምኖ መቀበሉ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። የንጉሠ ነገሥት ትእዛዝ በአንድ ቀን ሊለውጠው ያልቻለውን የገበያ እምነት አንድ ነጋዴ በራሱ ምልክት ላይ ለማሳደር ብዙ ዓመት መድከሙ ሊያስደንቅ አይገባም።

የጨርቅ ንግድም ይህንኑ ያስረዳል። ከማንቸስተርና ከቦምባይ በሚላከው ጣቃ ላይ የዝሆን፣ የነብርና የመሳሰለው ሥዕል ያለበት ባለ ቀለም ወረቀት ይለጠፍ ነበር። ይህም የተደረገው ፊደል ያልቈጠረ ገዢ ባለፈው ዓመት ገዝቶ የወደደውን ጨርቅ በዓይኑ ለይቶ እንዲያገኘው ነው። ገዢው የፋብሪካውን ስም ባያውቅም «ዝሆን ያለበትን ስጠኝ» ማለት ይችል ነበር። በፊልም መክፈቻ ላይ የሚያገሣው አንበሳ ሥራው ከዚህ የተለየ አይደለም።

ባቡር ድሬዳዋ የደረሰው በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም.፣ ይኸውም እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ ነበር። ከተማይቱም በዚሁ ምክንያት ተቈረቈረች። በዚያው የአውሮፓ ዓመት በፈረንሳይ አገር ዦርዥ ሜሊዬስ የተባለው ፊልም ሠሪ ወደ ጨረቃ ስለሚደረግ ጕዞ የሚናገረውን ዝነኛ ፊልሙን ለሕዝብ አቀረበ። ፊልሙ በተወደደ መጠን ሌባው በዛ። በአሜሪካ ሌሎች ሰዎች እየገለበጡ ሸጡት፤ የደከመበት ሰው ሊያገኘው የሚገባውን ትርፍ ሌሎች በሉት። ሜሊዬስም ወንድሙን ወደ ኒው ዮርክ ልኮ እ.ኤ.አ. በ1903 ጽሕፈት ቤት አስከፈተና የሥራውን መብት ማስከበር ጀመረ። ከዚህም ጋራ የድርጅቱ ምልክት የነበረውን ኮከብ በፊልሙ ትዕይንት ውስጥ በሚታዩት ዕቃዎች ላይ ያስገባ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1896 የተመሠረተው የፓቴ ወንድማማቾች ድርጅትም እንዲሁ የአውራ ዶሮ ምልክቱን በትዕይንቱ ግድግዳ ላይ ያስቀምጥ ነበር። ገልባጭ የመጀመሪያውን ክፍል ቈርጦ ቢጥል እንኳ ዶሮው ከታሪኩ መካከል ብቅ ብሎ ባለቤቱን ይናገር ነበርና።

ከዚህ እንደሚታየው የፊልም ምልክት ከመጀመሪያው ለማማር ብቻ የወጣ ነገር አልነበረም። እንደ መጋዘን ቍልፍ ሆኖ ያገለግል ነበር። ጌጥነቱ ኋላ የመጣ ነው።

ኋላም ምልክቱ ነፍስ ዘራ። የሜትሮ ጎልድዊን ሜየር ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1924 ጀምሮ አንበሳን ምልክቱ አደረገ። ፊልም ገና ድምፅ ስላልነበረው የመጀመሪያው አንበሳ በዝምታ ይታይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1928 ግን ሌላው አንበሳ ሲያገሣ ተሰማ። እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ ሊዮ የተባለው አንበሳ ቦታውን ያዘ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ በኮምፒዩተር የተሠራ አንበሳ ተተካበት። እንግዲህ ባለቤቶች ሲለዋወጡ፣ የሥራው መሣሪያ ከድምፅ አልባ ፊልም ወደ ኮምፒዩተር ሲሸጋገር፣ አንበሳው ራሱ ብዙ ጊዜ ሲቀየር፣ ምልክቱ ግን አልተለወጠም። በየዓመቱ የሱቁን ሰሌዳ ቀለምና ቅርጽ የሚለዋውጥ ነጋዴ ይህን ነገር ቢያስብበት ይጠቀማል። ይኸው ድርጅት የአንበሳውን ግሣት በካናዳ አገር እንደ ንግድ ምልክት ለማስመዝገብ እ.ኤ.አ. በ1992 አመልክቶ መብቱን ያገኘው በ2012 ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ለአንድ ግሣት የሚሟገት ድርጅት ግሣቱን ጨዋታ ነው ብሎ እንዳላሰበ ግልጽ ነው።

የሌላውን ንብረት ምልክት አድርጎ መያዝ የሚያስከትለውን ጣጣ ደግሞ የፒክሳር ድርጅት መብራት ያሳያል። ይህ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1986 በኮምፒዩተር በሠራው አጭር ፊልም ላይ ሁለት የጠረጴዛ መብራቶችን እንደ ሰው አስመስሎ አንቀሳቀሰ። ትንሹም መብራት ኋላ የድርጅቱ ምልክት ሆኖ በፊልሞቹ መክፈቻ ላይ እየዘለለ ከስሙ ፊደላት አንዱን ሲደፈጥጥ ይታያል። የመብራቱ ቅርጽ ግን የተወሰደው ሉክሶ ከተባለው የኖርዌይ ድርጅት ዕቃ ነበር። መብራቱ በፊልም ሲታይ ባለ ፋብሪካው ዝም ብሎ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ2009 የመብራቱ አምሳያ ከፊልም ጋራ ተዳብሎ ለሽያጭ በቀረበ ጊዜ ግን ክስ መሠረተ፤ ነገሩም በስምምነት አለቀ። ሥዕሉ ወደ ዕቃነት ሲለወጥ፣ ማለት ወደ ሱቅ መደርደሪያ ሲወጣ፣ የምልክቱ ባለቤት ማን ነው የሚለው ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም።

ከምሥራቅ ኢትዮጵያ ሳይወጣም ከዚህ የሚበልጥ ምሳሌ አለ። በድሬዳዋ በኩል ወደ ጂቡቲ ወደብ ሲወርድ የኖረው የሐረር ቡና በዓለም ገበያ የታወቀው በስሙ ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት በ1997 ዓ.ም. ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚባሉትን ስሞች በአሜሪካ አገር እንደ ንግድ ምልክት ለማስመዝገብ ባመለከተ ጊዜ ከዚያው አገር ቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃውሞ ገጠመው። ስታርባክስ ከተባለው ታላቅ የቡና ኩባንያም ጋራ በዓለም የተሰማ ክርክር ሆነ። በሰኔ 1999 ዓ.ም. ኩባንያው የስሞቹን ኢትዮጵያዊ ባለቤትነት ተቀብሎ የስምምነት ውል ተፈረመ። ገበሬው ለዘመናት ቡናውን ሲያመርት፣ ነጋዴውም ሲያጓጕዝ ኖሯል፤ ስሙ ግን ሳይመዘገብ በመቈየቱ የራስን ስም የራስ ለማስባል እስከ ዋሽንግተን መከራከር ግድ ሆነ። ይህን ያየ የድሬዳዋ ነጋዴ ምልክት ዋጋ የለውም ሊል አይችልም።

የኢትዮጵያ የፊልም ሥራ ታሪክ ከ1957 ዓ.ም. «ሂሩት አባቷ ማን ነው»፣ ከ1966 ዓ.ም. «ጉማ» ጀምሮ ሲታይ፣ ፊልም ማዘጋጀት ብዙ ገንዘብና ከባድ መሣሪያ ይጠይቅ እንደ ነበር ይታወቃል። ዛሬ ግን አንድ ካሜራና አንድ ኮምፒዩተር ያለው ወጣት በከዚራ ወይም በመጋላ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቶ ፊልም፣ የዘፈን ቪዲዮ፣ የሰርግ ቪዲዮና የንግድ ማስታወቂያ ለማዘጋጀት ይችላል። ይህ ታላቅ በረከት ነው። በረከቱ ግን የራሱን ፈተና ይዞ መጥቷል። በኢንተርኔት ላይ ስም ብቻ እንዲገባበት ተሠርቶ የተቀመጠ የመክፈቻ ሥዕል በርካሽ ይሸጣል፤ በነጻም ይገኛል። ወርቃማ ፊደል ከጭስ መካከል ይወጣል፣ ሉል ይዞራል፣ ብርሃን ይረጫል። ያንኑ ሥዕል ግን በናይሮቢም በማኒላም ያለ ሌላ ስቱዲዮ የራሱን ስም አስገብቶበት ይጠቀምበታል። ከዚህም የከፋው የታላላቆቹን የሆሊዉድ ድርጅቶች ሉልና ተራራ ወስዶ ስም ብቻ መለወጥ ነው። የፊተኛው ከማንም የማይለይ ስለ ሆነ ምልክት ሊባል አይችልም፤ የኋለኛው ደግሞ የሌላ ሰው ንብረት ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ የተባለው ለዚህ ነው።

በራስ ፈጠራ መሥራት እንደሚቻል ኢትዮጵያውያን አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 በቴሌቪዥን የጀመረው የሕፃናት ዝግጅት «ፀሐይ መማር ትወዳለች» መለያው ያደረገው ፀሐይ የተባለችውን ቀጭኔ ነው። ማንበብ ያልጀመረ ሕፃን ቀጭኔዋን ባየ ጊዜ ዝግጅቱ የትኛው እንደ ሆነ ያውቃል። ያን ለማድረግ የባዕድ ሉል ወይም የባዕድ ተራራ መዋስ አላስፈለገም።

በተለይም ለድሬዳዋ ይህ ነገር ትልቅ ትርጕም አለው። በዚህች ከተማ አንድ ገዢ በኦሮምኛ ዋጋ ጠይቆ በአማርኛ ይከራከራል፤ በሶማልኛ ተስማምቶ ይከፍላል፤ ጎረቤቱ ሐረሪኛ ወይም ዓረብኛ ይናገራል። አንድ ስቱዲዮ በአንድ ቋንቋ ስሙን ብቻ ቢጽፍ ለገበያው እኩሌታ እንደ ተዘጋ በር ይሆናል። ጥሩ ሥዕል ግን አስተርጓሚ አይሻም። እዚህ የተሠራ ማስታወቂያ በጅግጅጋም በጂቡቲም ሲታይ ምልክቱ በሁሉም ዘንድ እኩል ይነበባል። ጥንት የጣቃው ዝሆን ያደረገውን ዛሬ ተንቀሳቃሹ ሥዕል ሊያደርገው ይችላል።

ለዚህ ሐሳብ መቃወሚያ የሚያቀርቡ እንዳሉ አይካድም። አንደኛው መቃወሚያ ወጪው ነው። ሁለተኛው ደግሞ የዛሬ ተመልካች በስልኩ ላይ ችኩል ስለ ሆነ ረጅም መክፈቻ አይታገሥም የሚል ነው። ሁለቱም እውነትነት ያላቸው መቃወሚያዎች ናቸው፤ ነገር ግን ምልክት አይኑር ለማለት አያበቁም። ኔትፍሊክስ የተባለው ድርጅት ለመክፈቻው የመረጠው ድምፅ ሁለት ምት ብቻ ነው፤ ሆኖም ሰው ከሌላ ክፍል ሆኖ ቢሰማው እንኳ ይለየዋል። ስለዚህ አጭርነት ምልክትን አይጎዳውም። ስለ ወጪውም ቢሆን፣ አንድ ንጹሕ ቅርጽ ሦስት ሰኮንድ ያህል ሲንቀሳቀስ የሚያሳይ ሥዕል አንድ ጊዜ ተሠርቶ ለብዙ ዓመት የሚያገለግል ነው። የሱቅ ሰሌዳ ለማሠራት ገንዘብ የሚያወጣ ነጋዴ ለዚህ ማውጣትን እንደ ብክነት ሊቈጥረው አይገባም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የሕጉ ነገር ነው። በ1998 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 501 የንግድ ምልክት ባለቤትነት የሚገኘው በምዝገባ መሆኑን ደንግጓል። የምዝገባውንም ዘመን ሰባት ዓመት አድርጎ በየሰባት ዓመቱ እንዲታደስ ፈቅዷል። ምልክትን ለዐሥር ዓመት በሥራ ላይ አውያለሁ ብሎ መተማመንና የምስክር ወረቀት በእጅ መያዝ አንድ አይደሉም። አዋጁ የንግድ ምልክትን በዓይን የሚታይ ምልክት ብሎ ስለ ተረጐመው፣ ድምፅ ብቻውን እንደ አንበሳው ግሣት በዚህ ሕግ ለመመዝገብ አይመችም። እንዲህ ያለው ዜማና ተንቀሳቃሹ ሥዕል በ1996 ዓ.ም. በወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቍጥር 410 መሠረት እንደ ፈጠራ ሥራ ይታያሉ። በመሆኑም ባለ ስቱዲዮው የማይንቀሳቀሰውን ቅርጽና ስሙን በንግድ ምልክትነት ማስመዝገብ፣ የተንቀሳቃሹን ሥዕልና የዜማውን መብት ደግሞ ከሠዓሊውና ከዜማ ደራሲው ጋራ በጽሑፍ ውል መለየት ይኖርበታል። በቃል ብቻ ተነጋግሮ የተሠራ ሥዕል፣ ሥራው ካደገ በኋላ የጠብ ምንጭ መሆኑ አይቀርም።

ምልክትን ለመምረጥም ማስተዋል ያሻል። ቅርጹ በስልክ ጠባብ መስኮት ላይ ሳይደበዝዝ የሚታይ ይሁን። በጥቍርና በነጭ ቢታተም የሚለይ ይሁን፤ በደረሰኝና በከረጢት ላይም ይወጣልና። የመንግሥት ዓርማና ሰንደቅ ዓላማ ለግል ንግድ የሚወሰዱ አይደሉም። የባቡሩ፣ የግመሉና የደቻቱ ሥዕል የከተማይቱ ሁሉ መታወቂያ ስለ ሆነ፣ ዐሥር ስቱዲዮዎች ዐሥር ባቡር ቢሥሉ አንዱ ከሌላው አይለይም። ባቡርን የመረጠ ሰው ያላንዳች ልዩነት የሁሉን ባቡር ሳይሆን የራሱን ባቡር መሣል አለበት። አንድ ጊዜ ከተመረጠም በኋላ በፊልሙ መክፈቻ፣ በሱቁ በር፣ በውሉ ወረቀትና በማስታወቂያው ላይ ያው አንዱ ይሁን። በመጨረሻም የፓቴን ዶሮ ማስታወስ ይጠቅማል፤ በመክፈቻው ላይ ብቻ የተቀመጠ ምልክት ተቈርጦ ሊጣል ስለሚችል፣ ትንሹ ቅርጽ በሥዕሉ ጥግ ላይም ቢቀመጥ ለገልባጭ አይመችም።

አስመጪው፣ ላኪውና ባለ ሱቁ ይህ የፊልም ሰዎች ጕዳይ ነው ብለው ቢያልፉት ይሳሳታሉ። ዛሬ ዕቃውን በስልክ ቪዲዮ የማያስተዋውቅ ነጋዴ ጥቂት ነው። ማስታወቂያውን በተሰረቀ ሉል የሚከፍት ነጋዴ፣ በዕቃው ላይ የተመታውን ማኅተም ገዢው እንዲያምን እንዴት ሊጠይቅ ይችላል? በሌላም በኩል፣ የስቱዲዮውን ምልክት መስረቅ ነውር ነው ብሎ የማይቈጥር ገበያ ነገ የላኪውን የጆንያ ጽሑፍ፣ የዘይት አስመጪውንም የጣሳ ሥዕል ሲሰርቁበት ተከላካይ አያገኝም። የንግድ ምክር ቤቱ በበኩሉ የሕግ ዐዋቂና የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ሠራተኛ ጋብዞ አባላቱ ስለ ምዝገባው እንዲረዱ ቢያደርግ፣ የአባላቱንም ምልክቶች በአንድ መዝገብ ሰብስቦ ቢይዝ፣ ክርክር በተነሣ ጊዜ ለሁሉም መልካም ረዳት ይሆናል።

አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ተመርቋል፤ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ደግሞ የድሬዳዋ ነጻ የንግድ ቀጣና ተከፍቷል። በሩ በሰፋ መጠን የሚገባው ዕቃ ይበዛል፤ የሚገባው አስመሳይም አብሮ ይበዛል። ገበያው በሰፋ ቍጥር ገዢ ሻጩን በፊቱ ማወቁ እየቀረ በምልክቱ ማወቁ ይጨምራል። እንግዲህ የድሬዳዋ ስቱዲዮዎችም ሆኑ የንግድ ቤቶች ሌላው ሳይቀድማቸው ምልክታቸውን ይቅረጹ፤ ቀርጸውም ያስመዝግቡ። ስም ከተወሰደ በኋላ የሚደረገው ሙግት ብዙ ወጪ ያለው ስለ ሆነ፣ ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ ከመባል አስቀድሞ መጠንቀቅ ይሻላል።